ዓሣ ነባሪ ለማየት በጀልባ ስትወጡ የምታዩት ምንድን ነው?

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። አማርኛው ስሙ ላይ ዓሣ ስለጨመረበት ብዙ ሰው በጣም ትልቅ ዓሣ ይመስለዋል። ግን አየር የሚተነፍስ፣ የሚወልድ፣ ግልገሉን ጡት የሚያጠባ እንስሳ ነው፣ ልክ እንደ ላም፣ ልክ እንደ እኛ። ይሄን የማነሳው ለባዮሎጂ ትምህርት አይደለም። በጀልባ ወጥቶ ዓሣ ነባሪ ማየት የሚባለው ነገር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ዓሣ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ማንም ሳያየው ከታች ይኖር ነበር። ሳንባ ስላለው ግን ወደደም ጠላም ብቅ ይላል። እኛ ከፍለን የምንጠብቀው ያንን ብቅ ማለት ነው።

ልዩነቱ ጅራቱ ላይም ይታያል። የዓሣ ጅራት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የዓሣ ነባሪና የዶልፊን ጅራት ግን ተጋድሞ የተዘረጋ ነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። አቦሸማኔ ሲሮጥ ወገቡ እንዴት እየታጠፈና እየተዘረጋ እንደሚሄድ አስታውሱ፤ ያው እንቅስቃሴ ነው ባሕር የገባው። ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ እንስሳ አይታችሁ ግራ ከገባችሁ ጅራቱን ተመልከቱ። የቆመ ነው። እሱ እውነትም ዓሣ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ፎቶ ሁሌ አንድ ነው፦ 30 ቶን ገደማ የሚመዝን ሃምፕባክ የሚባል ዓሣ ነባሪ ሙሉ በሙሉ ከውኃው ተመንጥቆ ወጥቶ፣ ክንፎቹን ዘርግቶ፣ በጀርባው ሊወድቅ ሲል። ይሄ የለም አልልም፣ አለ። ግን በሦስት ሰዓት ጉዞ ውስጥ ያ ነገር ቢመጣ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ቀሪው ሰዓት ውኃ ነው። ብዙ ውኃ። እንስሳው አብዛኛውን ጊዜውን ከታች ነው የሚያሳልፈው፣ ላይ ሲመጣም የሚያሳያችሁ የጀርባውን ቁራጭ ነው። ይሄን ሳያውቅ የወጣ ሰው «ገንዘቤን ተበላሁ» ብሎ ይመለሳል። ያወቀ ሰው ግን ከዚያችው ቁራጭ ጀርባ ዓይነቱን ይለያል፣ ምን እያደረገ እንደሆነና ቀጥሎ መቼ እንደሚመጣ ይገምታል። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ትንፋሹ ነው። ሩቅ አድማስ ላይ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ቡልቅ ይልና ወዲያው ይበተናል። የልጆች ሥዕል ላይ ከአናቱ እንደ ፏፏቴ ውኃ ሲረጭ እናያለን፤ ስህተት ነው። ሳንባው ውስጥ ውኃ የለም፣ ቢኖር ይሞታል። የሚወጣው የታመቀ ሞቃት አየር ነው፣ ከውጭው ቅዝቃዜ ጋር ሲገናኝ በብርድ ጠዋት ከአፋችን እንደሚወጣው እንፋሎት ይሆናል፣ አፍንጫው ላይ የተኛው ጥቂት የባሕር ውኃና ንፍጥም አብሮ ይረጫል። አዎ፣ ንፍጥ። ነፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ ፊታችሁ ላይ ያርፋል። ሽታው ደግሞ የበሰበሰ ጎመንና የሰነበተ ዓሣ አንድ ላይ ነው። ማስታወቂያው ይሄን አይነግራችሁም።

የትንፋሹ ቅርጽ መታወቂያ ነው። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ፣ በምድር ላይ ካሉት እንስሳት ሁሉ ትልቁ፣ ቀጥ ያለ ዓምድ ያቆማል፤ 9 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል፣ የባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማለት ነው። ሃምፕባክ አጠር ያለና እንደ ቁጥቋጦ የተንጨፈረረ ነው። ራይት ዌል የሚባለው ከፊት ወይም ከኋላ ሲያዩት ሁለት ጎን የተከፈለ ትንፋሽ አለው። ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ግን የተለየ ነው፤ የአፍንጫው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የራሱ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ያጋደለ ስለሆነ ትንፋሹ ወደ ፊትና ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይወጣል። ልምድ ያለው ካፒቴን ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይሄንን ዝንባሌ አይቶ «ስፐርም ነው» ይላል። አስማት ይመስላል፣ ግን አንድ ጊዜ ከተነገራችሁ እናንተም ትለዩታላችሁ።

ቀጥሎ ያለው ሰዓት ነው። ሃምፕባክ ብዙ ጊዜ ላይ ሆኖ በትንሽ በትንሽ ልዩነት ደጋግሞ ይተነፍሳል። ከዚያ ጀርባውን ከበፊቱ በላይ ጎበጥ ያደርጋል። ይሄንን ምልክት ያዙት፣ ምክንያቱም ጅራቱ ተከትሎ ይነሳል፣ ከዚያም ለአምስት፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ይጠፋል። ስፐርም ዌል ደግሞ ላይ ለአሥር ደቂቃ ገደማ እንደ ግንድ ተጋድሞ ይተነፍስና ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ እጅ ያለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ ፍለጋ ይጠልቃል፤ የሚመለሰው ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ቆይቶ ነው። ከሁሉም የባሰው ኩቪየር የሚባለው ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ ነው። በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ ጥናት ላይ አንዱ 222 ደቂቃ ትንፋሹን ይዞ መቆየቱ ተመዝግቧል፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ። የእናንተ ጉዞ በሙሉ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ እሱን ለማየት ተስፋ አታድርጉ።

እንዴት ይችላሉ? ሳንባቸው ትልቅ ስለሆነ ነው ትሉ ይሆናል። ዋናው ነገር ግን ደማቸውና ሥጋቸው ነው። ጡንቻቸው ሚዮግሎቢን በሚባል ኦክስጅን አጥብቆ በሚይዝ ፕሮቲን የተሞላ ነው። ሥጋቸው ወደ ጥቁር የሚያደላውም በሱ ነው። ሲጠልቁ ደግሞ ልባቸውን ያዘገያሉ። ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ላይ የልብ ምት መለኪያ ለጥፈው በ2019 ውጤቱን ሲያወጡ፣ ጠልቆ ሳለ ልቡ በደቂቃ እስከ 2 ጊዜ ድረስ ዝቅ ብሎ ይመታ ነበር። ላይ ወጥቶ ሲተነፍስ ከ25 እስከ 37 ይደርሳል። ስለዚህ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ጀርባውን ስታዩ እያረፈ አይደለም። ዕዳውን እየከፈለ ነው። በዚያች ሰዓት ጀልባ አባርሮት ሳይጨርስ ቢጠልቅ፣ ግማሽ ታንክ ነዳጅ ይዞ ረጅም መንገድ እንደ መውጣት ነው።

ጥሩ ካፒቴን ከመጥፎው የሚለየውም እዚሁ ላይ ነው። መጥፎው ትንፋሽ ባየበት ቁጥር ሞተሩን አስነስቶ ይበራል። ሲደርስ እንስሳው የለም። ሌላ ቦታ ብቅ ሲል እንደገና ይበራል። ጥሩው ግን እንስሳው የጠለቀበት ቦታ አካባቢ ርቀቱን ጠብቆ ይቆምና ሞተሩን ያጠፋል። መጀመሪያ ዝምታው ይከብዳል። ውኃው የጀልባውን ጎን ጠብ ጠብ ሲያደርግ ይሰማል፣ አንድ ሕፃን «መቼ ነው የሚመጣው?» ይላል፣ ሰዉ ስልኩን ማየት ይጀምራል። ጠልቆ የሄደበት ቦታ ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ለስላሳ ክብ ቀርቷል፤ ጅራቱ ወደ ታች ሲመታ ወደ ላይ የገፋው ውኃ ነው፣ «አሻራ» ይሉታል። ክቡ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ሁሉም ወደ ግራ እያየ ሳለ ከቀኝ በኩል «ፑፍፍ» የሚል፣ የከባድ መኪና ፍሬን አየሩን ሲለቅ የመሰለ ድምፅ። ጆሮ ነው ቀድሞ የሚያየው። ሞተሩ ቢሠራ ኖሮ ያንን ድምፅ አትሰሙትም ነበር።

የት እንዳለ የሚነገረው በሰዓት ነው። የጀልባው ፊት 12 ሰዓት ነው፣ ቀኙ 3፣ ኋላው 6፣ ግራው 9። አስጎብኚው «2 ሰዓት!» ካለ ከፊት ወደ ቀኝ ትንሽ ዞር በሉ ማለት ነው እንጂ የእጅ ሰዓት እያነበበ አይደለም። ይሄን የማያውቅ ሰው ሁሌ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚዞረው።

ካፒቴኑስ ያን ሁሉ ባሕር ይዞ ከየት ይጀምራል? አንዱ ዘዴ ወፎች ናቸው። የባሕር ወፎች አንድ ቦታ ተሰብስበው የሚወረወሩ ከሆነ ከታች የትናንሽ ዓሦች መንጋ አለ፣ ትናንሽ ዓሦች ካሉ የሚበላቸውም ቅርብ ነው። ሌላው ጆሮ ነው። ስፐርም ዌል ጨለማ ውስጥ የሚያድነው በድምፅ ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይለቅና የገደል ማሚቶውን ያዳምጣል። ኒውዚላንድ ውስጥ ካይኮራ ላይ ጀልባዎቹ ውኃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን አውርደው አቅጣጫውን ይለያሉ። እኔ በጣም የምወደው ዝርዝር ደግሞ ይሄ ነው፦ እንስሳው ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭታውን ያቆማል። ስለዚህ ማይክሮፎኑ ጸጥ ሲል አዳማጩ ካሜራችሁን አዘጋጁ ይላል።

ሦስተኛው ዘዴ ሰው ነው። የፖርቱጋል ግዛት በሆኑት አዞረስ ደሴቶች የድሮ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ከገደል ጫፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ባሕሩን የሚቃኙ ጠባቂዎች ነበሯቸው። ቪጂያ ይባላሉ። ትንፋሽ ሲያዩ አዳኞቹ ታንኳቸውን ይዘው ይሮጣሉ። አደኑ በ1980ዎቹ ሲያበቃ ሙያው አልሞተም። ዛሬም ቪጂያ ገደሉ ላይ አቅራቢ መነጽሩን ይዞ ይቀመጣል፣ በሬዲዮ ይናገራል፣ የሚመጣው ግን ጦር ሳይሆን ቱሪስት የጫነ ጀልባ ነው። ሥራው ያው፣ ዓይኑም ያው።

ሁሉም ባሕር ዳርቻ ለዚህ አይሆንም። ዓሣ ነባሪ ያለው ምግብ ባለበት ነው፣ ምግብ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥልቅ ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ ነው። ያ ውኃ ከታች ማዳበሪያ ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ሕያዋን ይበዛሉ፣ ፕላንክተኑን ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳና ትናንሽ ዓሣ ይበላል፣ ከዚያ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ካይኮራም ሞንተሬይም ዝነኛ የሆኑት ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ ወለሉ ድንገት ወደ ጥልቅ ሸለቆ ስለሚወርድ ነው። ሌላ ቦታ ስፐርም ዌል ለማየት ግማሽ ቀን መጓዝ ያስፈልጋል፣ ካይኮራ ላይ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነው ጥልቀት ደጃፍ ላይ ነው።

ወቅቱ ደግሞ ከቦታው እኩል ወሳኝ ነው። ሃምፕባክና ግሬይ ዌል የሚባለው ሌላ ዓሣ ነባሪ ሁለት ቤት አላቸው። በጋውን፣ ማለት የአካባቢውን የሙቀት ወራት፣ ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ይበላሉ፤ አይስላንድ፣ አላስካ፣ አንታርክቲካ። ክረምቱን፣ ማለት የብርዱን ወራት፣ ሞቃት ባሕር ሄደው ይዋለዳሉ፤ ሃዋይ፣ ቶንጋ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ። እዚያ ሞቃቱ ባሕር ላይ ለወራት ከሞላ ጎደል ምንም አይበሉም፣ ስባቸውን እየበሉ ነው የሚኖሩት። ግሬይ ዌል በዓመት ደርሶ መልስ ከ16,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። ስለዚህ «ዓሣ ነባሪ የት ይታያል?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው፣ መቼ የሚለው ሲጨመርበት ነው የሚሞላው። ቀዝቃዛው ባሕር ላይ ሲበሉ ታያላችሁ፣ ሞቃቱ ላይ እናትና ግልገል፣ እንዲሁም በሴት የሚጋፉ ወንዶች። ከዚህ ሕግ የወጣ አንድ መንጋ አለ፦ ኦማን አካባቢ ያለው የአረብ ባሕር ሃምፕባክ አይሰደድም፤ የዝናብ ወቅቱ ነፋስ ቀዝቃዛውን ውኃ እዚያው ስለሚያወጣለት ምግቡም ቤቱም አንድ ቦታ ነው።

ስለ ዝላዩ ትንሽ ልበል፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለሱ ስለሆነ። ለምን ይዘላሉ? ሲወድቁ የሚወጣው ድምፅ ውኃ ውስጥ ርቆ ስለሚሄድ አንዱ ለሌላው መልእክት የሚያስተላልፍበት ነው የሚል ጠንካራ ግምት አለ። ጥገኛ ተባይ ማራገፊያ ነው የሚሉም አሉ፣ ግልገሎች ሲያደርጉት ደግሞ ጨዋታ ነው የሚመስለው። አስጎብኚው «ደስ ብሎት ነው» ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ከዝላዩ ሌላ ጅራቱን ውኃው ላይ በጥፊ ይመታል፣ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ክንፉን አንስቶ ያጨበጭባል፣ አንዳንዴም ራሱን ቀጥ አድርጎ አውጥቶ ዙሪያውን ይቃኛል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አረፋ መረቡ ነው። የተወሰኑ ሃምፕባኮች ከታች ሆነው እየዞሩ አየር ይለቃሉ፣ አረፋው እንደ መጋረጃ ዓሣውን ይከብበዋል፣ ከዚያ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው በአንድ ጊዜ መሐሉ ላይ ይወጣሉ። ላይ ሆናችሁ መጀመሪያ የምታዩት ውኃው ላይ የሚሠራ የአረፋ ክብ ነው። ክቡ ሲገጥም ትንፋሻችሁን ያዙ።

ዓሣ ነባሪው እስኪመጣ ሌላውን አትናቁ። ዶልፊኖች ራሳቸው ይመጣሉ፤ የጀልባው አፍንጫ የሚገፋው ውኃ እነሱንም ስለሚገፋቸው በነፃ ይንሸራተቱበታል። ኦርካ፣ ገዳይ ዓሣ ነባሪ የሚባለው፣ በዘር ትልቁ ዶልፊን ነው፤ የወንዱ የጀርባ ክንፍ እስከ 1.8 ሜትር ስለሚቆም ከሩቅ አይጠፋችሁም። አንድ ክንፍ ውኃው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲንገላታ አይታችሁ «ሻርክ!» ከማለታችሁ በፊት ቆይ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ሞላ ሞላ ነው፣ በጎኑ ተኝቶ ፀሐይ የሚሞቅ፣ ድስት ክዳን የመሰለ የዋህ ዓሣ።

ይሄ ሁሉ ቢዝነስ ረጅም ዕድሜ የለውም። ለክፍያ ሰው ማውጣት የተጀመረው በ1955 ሳን ዲዬጎ ላይ ነው፣ ግሬይ ዌል ለማየት፣ በነፍስ ወከፍ 1 ዶላር። በ2008 ግን በ119 አገሮች 13 ሚሊዮን ሰው ወጥቶ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገብቷል። በመሐል በ1982 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የንግድ አደኑ እንዲቆም ወሰነ። በሕይወት ያለው እንስሳ ደጋግሞ ገንዘብ ያመጣል የሚለው ስሌት ብዙ የባሕር ዳር ከተሞችን ያሳመነው ከዚያ በኋላ ነው።

ግን 13 ሚሊዮን ሰው ሲመጣ ጀልባውም ይበዛል። ስለዚህ ሕግ መጣ። በአሜሪካ ለአብዛኞቹ ዓሣ ነባሪዎች የሚመከረው ርቀት 100 ያርድ ነው፣ 91 ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ከ400 በታች ለወረደው የሰሜን አትላንቲክ ራይት ዌል ግን 500 ያርድ በሕግ ተደንግጓል። ኒውዚላንድ ውስጥ ከአንድ ዓሣ ነባሪ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ ከሦስት ጀልባ በላይ አይፈቀድም። ከፊት መጋረጥ፣ ከኋላ ማባረር፣ እናትና ግልገል መሐል መግባት በአብዛኛው ቦታ ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋት ነው። ትክክለኛው ከጎን በኩል፣ በሱ ፍጥነት፣ ትይዩ መሄድ ነው። ድምፁም አለ፤ እነዚህ እንስሳት የሚገናኙት በጆሮ ስለሆነ የሞተር ጫጫታ ለነሱ ገበያ መሐል ስልክ እንደ ማውራት ነው።

ርቀቱ እናንተን ነው የሚያስረው፣ እሱን አይደለም። ሞተራችሁ ጠፍቶ እሱ ራሱ ከመጣ መጣ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ሳን ኢግናሲዮ የሚባል ወሽመጥ አለ። ድሮ አዳኞች የግሬይ ዌል እናት ግልገሏን ለማዳን ታንኳቸውን ስለምትሰብር «የሰይጣን ዓሣ» ብለው ይጠሯት ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ግን እዚያው ወሽመጥ ላይ እናቶች ግልገላቸውን እየገፉ ትናንሽ ጀልባዎች አጠገብ ያመጣሉ፣ ሰው እጁን ዘርግቶ ይዳስሳቸዋል። ማንም አላባበላቸውም፣ ምግብም አይሰጣቸውም።

ስለዚህ ጀልባ ስትመርጡ «በጣም አስጠግተን እናሳያችኋለን» የሚለውን ሽሹ። ስንት ደቂቃ አንድ እንስሳ ጋር ትቆያላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ስለ እንስሳቱ የሚያውቅ ሰው ጀልባው ላይ አለ ወይ በሉ፣ ካልታየስ? ብዙ ድርጅቶች ምንም ካልታየ ሌላ ቀን በነፃ ይወስዳሉ። መቶ በመቶ ታያላችሁ ብሎ የሚምል ካለ አነጋገሩን ልብ በሉ፤ ዶልፊንም ቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

የማቅለሽለሹ ነገር ቀልድ አይደለም። ውስጠኛው ጆሮ «እየተናወጥን ነው» ሲል ዓይን ደግሞ ወለሉንና ወንበሩን አይቶ «ቆመናል» ይላል፣ ጭንቅላት በዚህ ክርክር ይታመማል። መፍትሔው ዓይንን ከጆሮ ጋር ማስማማት ነው፦ ውጭ ውጡ፣ አድማሱን እዩ፣ ብዙ የማይነሳውና የማይወድቀው የጀልባው መሐል አካባቢ፣ ታችኛው ወለል ላይ ሁኑ። ስልክ አታንብቡ። ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ፋርማሲ ጠይቃችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡት፤ ሆድ ከተገለበጠ በኋላ ዋጋ የለውም። ባዶ ሆድም፣ ጥጋብም ጥሩ አይደለም። ልብስ ደግሞ ደርቡ፤ ዳርቻው ላይ ቲሸርት የሚያስለብስ ቀን ባሕሩ ላይ ያንቀጠቅጣል። አቅራቢ መነጽር ከያዛችሁ 7 እጥፍ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የእጃችሁንና የማዕበሉን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ነፋሱ ሲበረታ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ ይሠራል፤ ያን ቀን ትንፋሽ ከአረፋ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። መምረጥ ከቻላችሁ ጠዋት ውጡ፣ በብዙ ቦታ ነፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ነው።

ፎቶ ካነሳችሁ ዝላዩን እያሳደዳችሁ አትክሰሩ። ጀርባው ጎበጥ ሲል ካሜራውን አዘጋጁና የጅራቱን የውስጥ በኩል አንሱ። የሃምፕባክ ጅራት ከታች ያለው ጥቁርና ነጭ ንድፍ፣ የጠርዙም ጥርስ ጥርስ ቅርጽ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ እንደ ጣት አሻራ። ሃፒዌል የሚባል ድረ ገጽ ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ከማንም ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩ ከቀድሞዎቹ ጋር ያመሳክራል፣ እንስሳው የታወቀ ከሆነ ከዚህ በፊት የት የት እንደታየ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላም ሌላ ሰው ሌላ ባሕር ላይ ሲያየው መልእክት ይደርሳችኋል። ፎቶው ትንሽ ደብዘዝ ቢልም ላኩት፤ ንድፉ ከታየ ይበቃል።